ማማ ላይ ያለው ልጅ፦ የእጅ ሥዕልና የኮምፒውተር አኒሜሽን በቤተሰብ ፊልም

አኒሜሽን የማይንቀሳቀሱ ሥዕሎችን በፍጥነት በማፈራረቅ የሚንቀሳቀሱ የሚያስመስል የፊልም ዓይነት ነው። ሲኒማ በአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ያሳያል፤ ዓይን ፍሬሞቹን አንድ በአንድ መለየት ስለማይችል በመካከላቸው ያለውን ልዩነት እንደ እንቅስቃሴ ይቆጥረዋል። እስከዚህ ድረስ በእጅ የተሣለውም በኮምፒውተር የተሠራውም ፊልም አንድ ነው። የሚለያዩት 24ቱ ሥዕሎች ከየት ይመጣሉ ሲባል ነው። በእጅ ሥዕል አኒሜሽን እያንዳንዱን ሥዕል ሰው ይሥለዋል። በኮምፒውተር አኒሜሽን ግን ሰው የሚሠራው ገጸ ባሕርይውን ነው፤ ገጸ ባሕርይው አንድ ጊዜ እንደ አሻንጉሊት ተሠርቶ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ ሥዕሉን በየፍሬሙ የሚያወጣው ማሽኑ ነው። የመጀመሪያው የሠዓሊ ሙያ ነው። ሁለተኛው ግን ስሙ ሥዕል ይባል እንጂ ይበልጥ የሚቀርበው ለአሻንጉሊት ሠሪና ለአንቀሳቃሽ ሥራ ነው።

በምዕራብ ጎጃም፣ ሽንዲ ውስጥ ዲሽ ያለበት ቤት ተሰብስበው የሚያዩ ልጆችም፣ የታላቅ ወንድማቸውን ስልክ ለምነው የሚያዩም ሁለቱን ዓይነት በአንድ ስም “ካርቱን” ይሏቸዋል። በፍኖተ ሰላምም በቡሬም፣ በአዲስ አበባም እንዲሁ ነው። ለተመልካች ዋናው ታሪኩ ስለሆነ የስሙ አንድ መሆን አያስገርምም። ለሚሠራው ሰው ግን የሚያስፈልገው እጅ፣ ዕቃ፣ ጊዜና ገንዘብ ይለያያል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዱ የሚከብደው ቦታ ለሌላው ቀላል ነው። ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው። ልዩ ምልክት ካልተደረገ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለማነጻጸር አንድ አጭር ትዕይንት ይበቃል። ሽንዲ ባለችበት ወረዳ በወንበርማ ውስጥ የበቆሎ እሸት በደረሰ ጊዜ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ሰብሉን ከዝንጀሮና ከጦጣ ይጠብቃሉ። ትዕይንቱ ሦስት ሰከንድ ነው እንበል፦ ጋቢ የደረበ ልጅ ማማው ላይ ቆሟል፤ ገመሬ ዝንጀሮ ከበቆሎው መሐል ብቅ ይላል፤ ልጁ ወንጭፉን አሽከርክሮ ድንጋዩን ይለቀዋል። ሦስት ሰከንድ 72 ፍሬም ነው።

ይህ በእጅ ሲሠራ መጀመሪያ የሚሣሉት ዋና ዋናዎቹ አቋሞች ናቸው። ልጁ ዝንጀሮውን ሲያይ፣ ክንዱን ወደ ኋላ ሲስብ፣ ወንጭፉ ከራሱ በላይ ሲዞር፣ ድንጋዩ ሲለቀቅ፣ ክንዱ ወደ ፊት ሲወድቅ፤ አምስት ስድስት ሥዕል ነው፣ የትዕይንቱ ነፍስ ያለው ግን እዚያ ነው። እነዚህን የሚሥለው ዋናው ሠዓሊ ነው። በመሐል ያሉትን ረዳቶች ይሞሏቸዋል። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ጠርዙ ተበስቶ ሠሌዳው ላይ ባሉ አጫጭር ችንካሮች ይያዛል፤ ከሠሌዳው መስተዋት ሥር መብራት ስላለ ከታች ያለው ሥዕል ወደ ላይኛው ወረቀት ያሳልፋል፣ ሠዓሊው የቀደመውን እያየ ቀጣዩን ትንሽ አንቀሳቅሶ ይሥላል። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ማሳየት የተለመደ ስለሆነ ለሦስቱ ሰከንድ 36 ሥዕል ይበቃል። በድሮው አሠራር ሥዕሎቹ ብርሃን ወደሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይገለበጣሉ፣ ቀለማቸው በጀርባ ይቀባል፣ አንድ ጊዜ ብቻ በተሣለ የጀርባ ሥዕል ላይ እየተነባበሩ አንድ በአንድ ፎቶ ይነሣሉ። ማማውና የበቆሎው ማሳ ያ የጀርባ ሥዕል ናቸው። አይንቀሳቀሱም።

የዚህ አሠራር ውበት የሚታየው ወንጭፉ ሲዞር ነው። በእውነቱ ዓለም የሚዞር ወንጭፍ በዓይን አይያዝም። ሠዓሊውም ገመዱን አይሥለውም፤ ከልጁ ራስ በላይ ሳሳ ያለ ክብ ጥላ ያደርጋል፣ ጠርዙ ላይ ሁለት ሦስት የታጠፈ መስመር ይጨምርበታል፣ አለቀ። ድንጋዩ በሚለቀቅበት ፍሬም ላይ የልጁ ክንድ ከተፈጥሮው አንድ ተኩል ጊዜ ይረዝማል። ፊልሙን አቁሞ ያየ ሰው አስቀያሚ ክንድ ያያል። ፊልሙ ሲሄድ ግን የሚታየው ጉልበቱ ነው። በእጅ የሚሥል ሰው እንዲህ ያለውን ውሸት በነፃ ያገኘዋል፤ እርሳሱን የሚከለክለው የአጥንት ርዝመት የለም።

በኮምፒውተር ሲሠራ የመጀመሪያው ወር ሳይነቃነቅ ያልፋል። ልጁ ከሁሉም አቅጣጫ እንዲታይ ሆኖ ይቀረጻል፣ ቆዳውና ልብሱ ይቀባል፣ ውስጡ አጥንትና መገጣጠሚያ ይገባለታል፤ ባለሙያዎቹ ይህን “ሪግ” ይሉታል። ጣቶቹ፣ ቅንድቡ፣ የከንፈሩ ጠርዝ ሁሉ መጎተቻ ይበጅላቸዋል። ለዝንጀሮውም እንዲሁ። ለማማው እንጨት እንጨቱ፣ ለሣር ክዳኑ፣ ለበቆሎው እንዲሁ። ፀሐዩ የት እንደሚቆም፣ ካሜራው በየት በኩል እንደሚያይ ይወሰናል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ አንዲት ሰከንድ ፊልም የለም። ከዚያ አንቀሳቃሹ ዋና ዋናዎቹን አቋሞች ያስይዛል፣ መሐሉን ኮምፒውተሩ አስልቶ ይሞላዋል፣ ሰውየው ደግሞ የማሽኑን ድርቅና እያረመ ያለሳልሰዋል። መጨረሻ ላይ “ሬንደር” የሚባለው ሥራ ይመጣል፤ ማሽኑ ብርሃኑና ጥላው እያንዳንዱ ነገር ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አስልቶ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ያወጣል። ክንዱን አንድ ተኩል ጊዜ ማስረዘም እዚህም ይቻላል፤ ሪጉን የሠራው ሰው ቀድሞ አስቦበት ከሆነ ነው።

በእጅ የሚሠራ ሰው ድካሙን በየሰከንዱ ይከፍላል፤ መቶኛው ሰከንድ ከመጀመሪያው አይረክስለትም። በኮምፒውተር የሚሠራው ድካሙን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ልጁ አንዴ ከተሠራ ነገ ከብት እንዲያግድ፣ ከነገ ወዲያ ሽንዲ ገበያ እንዲወርድ ማድረግ አዲስ ልጅ አይጠይቅም። ስለሁለቱ የሚነገረው ሌላው ነገር በአብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ብዛት ሲመጣ ማሽኑ ያሸንፋል። አንድ የበቆሎ አገዳ ተሠርቶ ሺህ ጊዜ ይባዛል፣ ነፋስ ሲነፍስ ሁሉም በየራሱ ይወዛወዛል። አንድ ገመሬ ዝንጀሮ ሳይሆን መንጋ ቢመጣ ለኮምፒውተሩ የቁጥር ለውጥ ነው፤ ለሠዓሊው ግን ፈተና ነው። የጃፓኑ ሀያኦ ሚያዛኪ በ2013 ባወጣው “ዘ ዊንድ ራይዝስ” ፊልሙ ውስጥ የሕዝብ ትርምስ ያለበት የአራት ሰከንድ ትዕይንት አለ፤ እሱን በእጅ ለመሣል አንድ ዓመት ከሦስት ወር ፈጅቷል። ዲዝኒም የ1994ቱን “ላየን ኪንግ” በእጅ ሲሥል የአንበሳ ደቦሉ ሲምባ በሸለቆው ውስጥ በመንጋ ሊረገጥ ሲል ያለውን ትዕይንት በእጅ አልደፈረውም። የሁለት ደቂቃ ተኩል ትዕይንት ነው፤ መንጋው በኮምፒውተር ተባዝቶ ከተሣሉት ገጸ ባሕርያት ጋር እስኪስማማ ከሁለት ዓመት በላይ ሥራ ወስዷል። አብዛኛው ተመልካች ሁለቱ ሥራዎች የት ላይ እንደተሰፉ እስከ ዛሬ አይለይም።

ካሜራው ሲንቀሳቀስም እንዲሁ ነው። ማማውን ዞሮ የሚያሳይ ካሜራ ቢፈለግ በኮምፒውተር ካሜራውን ማዞር ብቻ ነው፤ በእጅ ግን አንዴ የተሣለው የጀርባ ሥዕል ከንቱ ይሆንና ማማው ራሱ በየፍሬሙ መሣል አለበት።

በተቃራኒው ለእጅ ቀላል የሆነው ጋቢና ፀጉር ለማሽኑ ጭንቅ ነው። ሠዓሊ የጋቢን እጥፋት በሦስት መስመር ያሳያል። ኮምፒውተር ግን ጋቢው ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት፣ ሲታጠፍ ራሱን በራሱ ዘልቆ እንዳያልፍ ሁሉንም ማስላት አለበት። ፒክሳር በ2001 “ሞንስተርስ ኢንክ”ን ሲሠራ ሰሊ የተባለው ጭራቅ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ፀጉር ነበረው፤ እያንዳንዱን በእጅ ማንቀሳቀስ ስለማይቻል አስልቶ የሚያወዛውዝ ፕሮግራም ተጻፈ። በ2012 “ብሬቭ” ውስጥ ላለችው ጥቅልል ፀጉር ላላት ልጅም እንደገና ሌላ ፕሮግራም መጻፍ ግድ ሆኗል፤ ለዘንፋላ ፀጉር የተሠራው ለጥቅልሉ አልሠራምና። ይህ ለሀገራችን ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ሹሩባ የተሠራች ወይም ጎፈሬ ያበጠረች ልጅ በእርሳስ ለመሣል ከማንም አትከብድም። በኮምፒውተር ግን ዝግጁ ሆኖ የሚገኘው መሣሪያ በአብዛኛው የሌላ ሀገር ፀጉር ታስቦ የተሠራ ነው።

ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መተረክ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ድርሳኑና ገድሉ ሥዕል በሥዕል ይከታተላል። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በ44 ሥዕል የሚተርከው የባህል ሸራም በየሱቁ ተሰቅሎ ይታያል፤ በረድፍ በረድፍ ተከፍሎ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ለአኒሜሽን ሠሪ ከዚህ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የዓይን ሥርዓቱ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን ይሣላል። አንድም ቃል ሳይነገር ማን ማን እንደሆነ ይታወቃል። በእጅ የተሣለ ፊልም ይህን ሥርዓት እንዳለ ሊወርሰው ይችላል። ከሁሉ አቅጣጫ ሊታይ የተቀረጸ የኮምፒውተር ገጸ ባሕርይ ግን ራሱን ባዞረ ቁጥር ሁለተኛው ዓይኑ ብቅ ይላል።

የዓለሙ የቤተሰብ ፊልም ከእጅ ወደ ኮምፒውተር የተሻገረው ባንድ ጀምበር አልነበረም። ዲዝኒ በ1937 “ስኖው ዋይት”ን ሲያወጣ 83 ደቂቃውን ሙሉ ሰው ሥሎታል። ኮምፒውተር መጀመሪያ የገባው በቀለም በኩል ነው፦ በ1990 “ዘ ሬስኪዩርስ ዳውን አንደር” የተባለው ፊልም በወረቀት ተሥሎ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ተቀባ፣ ሥዕሉ ይገለበጥበት የነበረው ፕላስቲክም ቀረ። “ላየን ኪንግ”ም እንዲሁ ነው የተሠራው። ስለዚህ ብዙ ሰው “ንጹሕ የእጅ ሥራ” ብሎ የሚናፍቀው ፊልም ግማሽ መንገድ ማሽን ውስጥ አልፎ የመጣ ነው። በ1995 የፒክሳር “ቶይ ስቶሪ” ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ሆነ። ታሪኩ ስለ አሻንጉሊቶች መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ የዚያን ጊዜው ማሽን የሚችለው ለስላሳና የሚያብለጨልጭ የፕላስቲክ ገላ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ዛሬ መለስ ብሎ ያየ ከአሻንጉሊቶቹ ይልቅ እነሱ ግዑዝ መስለው ያገኛቸዋል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቻኮለ። በ2002 የዲዝኒ “ትሬዠር ፕላኔት” ሲከስር፣ በ2004 “ሆም ኦን ዘ ሬንጅ” ሳይሳካለት ሲቀር የኩባንያው አለቆች ተመልካች የእጅ ሥዕል ሰልችቶታል ብለው ደመደሙ፣ ጠረጴዛዎቹም ተሸጡ። ድምዳሜው ስህተት ነበር። የፒክሳር ፊልሞች ታሪካቸው ተጠርቦ የተሠራ ነበር፤ የከሰሩት ፊልሞች ታሪካቸው ልል ነበር። ጥፋቱን እርሳስ ላይ ጣሉት። በ2009 “ዘ ፕሪንሰስ ኤንድ ዘ ፍሮግ” በእጅ ተሥሎ ወጣ፣ በ2011 “ዊኒ ዘ ፑ” ተከተለ፣ ከዚያ ወዲህ ዲዝኒ በእጅ የተሣለ ረጅም የሲኒማ ፊልም አላወጣም። የአሜሪካው ኦስካር ለረጅም አኒሜሽን ፊልም መሸለም ከጀመረ ከ2002 እስከ 2025 ባሉት ሥነ ሥርዓቶች ያሸነፉት የእጅ ሥዕል ፊልሞች ሁለት ናቸው፤ “ስፒሪትድ አዌይ” እና “ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄሮን”፣ ሁለቱም የሚያዛኪ።

ማሽኑ እየበረታ ሲሄድ ሌላ ችግር መጣ፤ ከልኩ በላይ እውነት መምሰል። በ2019 “ላየን ኪንግ” እንደገና ሲሠራ አንበሶቹ በዱር ፎቶግራፍ የተነሡ እስኪመስሉ ድረስ ተዋጣላቸው። ነገር ግን እውነተኛ አንበሳ ቅንድቡን አያነሣም፣ ሲያዝን ከንፈሩ አይንቀጠቀጥም። አባቱ የሞተበት የ1994ቱ ሲምባ ፊት ላይ ያለው ሐዘን የ2019ኙ ፊት ላይ የለም። ፊልሙ ገንዘቡን ዛቀ፤ እንደ ተረት ግን ተዳክሟል። ተረት ውስጥ እንስሳ የሚናገረው ሰው ስለሆነ ነው። ጅብና አህያ፣ ጦጣና አንበሳ በሚነጋገሩበት በጎጃም ተረት ውስጥ የጅቡን ፀጉር አንድ በአንድ መቁጠር ጅቡን አያጎላውም።

ከ2018 ወዲህ ሁለቱ መንገዶች ተመልሰው እየተገናኙ ነው። “ስፓይደርማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደርቨርስ” በኮምፒውተር ተሠርቶ በላዩ ላይ በእጅ የተሣለ መስመር ተጨመረበት፤ አንዳንድ ገጸ ባሕርያቱም እንደ እጅ ሥዕል በሰከንድ 12 አቋም ብቻ ተንቀሳቀሱ። በ2019 በስፔን የተሠራው “ክላውስ” ደግሞ በእጅ ተሥሎ ብርሃንና ጥላው በኮምፒውተር ታገዘ። ዛሬ “የእጅ ሥዕል” የሚባለው ራሱ በአብዛኛው በወረቀት ሳይሆን ስክሪን ላይ በኤሌክትሮኒክ ብዕር የሚሣል ነው። ወረቀቱ እየቀረ ነው። እጁ ግን አልቀረም።

የኢትዮጵያ መንገድ ከሁለቱም ለየት ይላል። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆች ሰዓት ለአሥርት ዓመታት የነበረው ሥዕል ሳይሆን ሰው ነው፤ አባባ ተስፋዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተረት ይነግራሉ፣ የቀረውን የልጁ ምናብ ይሠራዋል። ከዚያ “ፀሐይ መማር ትወዳለች” መጣች። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር የጀመረችው ዝግጅት ነው፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፀሐይ የምትባል ቀጭኔ፣ ያውም በእጅ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት ናት። የአሻንጉሊቱ ምርጫ ከላይ የተባለውን ስሌት የሚያረጋግጥ ነው። አሻንጉሊት አንድ ጊዜ ይሰፋል፣ ከዚያ እጅ ገብቶበት በፈለገው ሰዓት ይናገራል፤ በየሰከንዱ 12 ሥዕል አይጠይቅም፣ ሬንደርም አያስፈልገውም። ከድህነት የመጣ ብልሃት ሊባል ይችላል። ግን ሠርቷል፤ ዝግጅቱ በ2008 በውጭ ሀገር የልጆች ቴሌቪዥን ውድድሮች ተሸልሟል፣ ብሩክታዊትም በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆናለች። ዝግጅቱን የሚሠራው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተባለው ድርጅት ቀጥሎ “ጥበብ ገርልስ”ን ወደ አኒሜሽን አመጣ። ፍቅር፣ ትዕግሥትና ፍትሕ የተባሉ ሦስት ልጃገረዶች ልዩ ኃይል አላቸው፤ የሚጋፈጡትም ያለዕድሜ ጋብቻን የመሰለ ጣጣ ነው፤ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ማብራሪያ የማያስፈልገው ነገር።

ለእንዲህ ያለ ተከታታይ ሥራ የሚመቸው በሁለቱ መካከል ያለ ዘዴ ነው። ገጸ ባሕርይዋ በእጅ ትሣላለች፣ ግን በቁርጥራጭ፤ ራሷ፣ ክንዷ፣ ክርኗ፣ መዳፏ ለየብቻ። ከዚያ ቁርጥራጮቹ ኮምፒውተር ውስጥ በመገጣጠሚያ ይያያዙና እንደ አሻንጉሊት ይንቀሳቀሳሉ። መልኩ የሥዕል ነው፣ ጉልበቱ የማሽን። እንከኑም ይታያል፦ ገጸ ባሕርይዋ ስትዞር ትቸገራለች፣ ስትራመድም አንዳንዴ እንደ ካርቶን ትንሸራተታለች። በየሳምንቱ ክፍል ማድረስ ላለበት ቡድን ግን ይህ የሚታለፍ ዋጋ ነው።

በሌላው ጫፍ አዲስ አበባ ተወልዶ ብሩክሊን የሚኖረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ አለ። በ2011 “ሒሳብ” የተባለውን አጭር ፊልሙን የሠራው በአንድ ሸራ ላይ ነው፤ ይሥላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ በላዩ ላይ ቀብቶ ቀጣዩን አቋም ይሥላል፣ ደግሞ ያነሣል። ታሪኩ ሁሉም የሚያውቀው የታክሲ ወግ ነው፤ አህያ፣ ውሻና ፍየል ተሳፍረው አህያ ሒሳቧን በትክክል ከፈለች፣ ውሻ መልሱ ቀረበት፣ ፍየል ሳትከፍል ወረደች፤ ለዚህ ነው መኪና ሲመጣ አህያ ንቅንቅ የማትለው፣ ውሻ የሚያባርረው፣ ፍየል የምትሸሸው። ቀለሙ በቀለም ላይ ሲደራረብ የቀደመው አቋም ጥላ ትንሽ ይቀራል፣ አዲስ አበባም እንደዚያው ስትፈርስና ስትሠራ ትታያለች። ይህን ማሽን አይሰጥም። ሥራው ሲያልቅ ከሺህ ሥዕሎች ሸራው ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ብቻ ነው።

አፍ የሁለቱንም ጎራ ባለሙያ የሚያደክም ሌላ ጉዳይ ነው። ገጸ ባሕርይ ሲናገር የከንፈሩ ቅርጽ ከድምፁ ጋር መግጠም አለበት፤ ለዚህም ጥቂት የአፍ ቅርጾች አስቀድመው ተሠርተው እንደ ድምፁ ይቀያየራሉ። አማርኛ እዚህ ላይ የተመቸ ነው፣ ፊደሉ ራሱ ሥራውን ግማሽ ጨርሶታል። ራብዕ አፍን ይከፍታል፤ ካዕብ ከንፈርን ያሞጠሙጣል፤ ሳብዕ ያከብበዋል፤ ሣልስና ኀምስ ወደ ጎን ይስቡታል፤ ግዕዝና ሳድስ ብዙም አያስነቃንቁትም። መ፣ በ፣ ፐ እና ጰ ከንፈርን ይገጥማሉ፤ ፈ ጥርስን ከንፈር ላይ ያሳርፋል። ሰባት አፍ ተሥሎ ከተቀመጠ አማርኛ ይናገራል። “ማማ” ለማለት ግማሽ ሰከንድ፣ ማለት ስድስት ሥዕል ይበቃል፦ ገጠም፣ ከፈት፣ ገጠም፣ ከፈት፣ የቀሩት ሁለቱ ለማለሳለሻ።

ከውጭ መጥቶ አማርኛ የሚሞላበት ፊልም ይህ ዕድል የለውም፣ አፉ ለእንግሊዝኛ ተሠርቷል። ተርጓሚው ከንፈሩ በሚገጥምበት ቦታ መ ወይም በ ያለበት ቃል ሲፈልግ ይውላል። ከከንፈሩ ይልቅ የሚከፋው ግን አካሉ ነው። እንግሊዝኛ ግሡን ቀድሞ ይናገራል፣ የገጸ ባሕርይው እጅም በዚያ ቃል ላይ ይወነጨፋል፤ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያመጣል። “ድንጋዩን ወደ ዝንጀሮው ወረወርኩት” ሲባል እጁ “ድንጋዩን” ላይ ወርውሮ ጨርሷል፣ “ወረወርኩት” ሲደርስ ዝም ብሎ ቆሟል። ልጆች የዚህን ስም ባያውቁትም ፊልሙ “የእኛ” እንዳልሆነ የሚሰማቸው አንዱ በዚህ ነው። በአማርኛ ታስቦ የተሠራ አኒሜሽን፣ በእጅም ይሁን በኮምፒውተር፣ ክንዱ ግሡን ይጠብቃል።

የዋጋው ነገር ደግሞ በቅርቡ ተለውጧል። በ2024 የወጣው የላትቪያው ዳይሬክተር ጊንትስ ዚልባሎዲስ “ፍሎው” ስለ አንዲት ድመት የሚተርክ፣ አንድም ንግግር የሌለበት ፊልም ነው። የተሠራው ማንም ሰው በነፃ አውርዶ በሚጠቀምበት ብሌንደር በተባለ ሶፍትዌር ነው፤ ወጪው 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። በ2025 ኦስካሩን ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ነጥቆ ወሰደ። ዚልባሎዲስ ብርሃኑን ጠንቅቆ የሚያሰላውን ቀርፋፋ የሬንደር መንገድ ትቶ ፈጣኑን መረጠ፣ መልኩም ፎቶግራፍ ሳይሆን በብሩሽ የተቀባ ሥዕል መሰለ።

የዚህ ምርጫ ክብደት በአሥር ደቂቃ ተረት ሲሰላ ይታያል። አሥር ደቂቃ 14,400 ፍሬም ነው። አንዱ ፍሬም አሥር ደቂቃ ሬንደር ቢፈልግ አንድ ኮምፒውተር ሳይጠፋ መቶ ቀን ይሠራል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ከመቶ በላይ። አንዱ ፍሬም አሥር ሰከንድ ቢፈልግ ግን ሁሉም በ40 ሰዓት ያልቃል። ከዚያ በፊት ልጁን፣ ገመሬውን፣ ማማውንና ማሳውን መገንባት ለብቻው ወራት ይበላል፤ ያ ድካም የሚካሰው ልጁ ሁለተኛና ሦስተኛ ተረት ውስጥ ሲገባ ነው። ስለዚህ ተከታታይ ለሚያስብ ቡድን ኮምፒውተሩ ያዋጣል። አንድ ተረት ብቻ ለመሥራት ለተነሣ ሰው ግን እጁ ይሻለዋል፤ በሰከንድ ስምንት ሥዕል ብቻ ቢሣል ለአሥር ደቂቃው 4,800 ሥዕል ይበቃል። ሦስት ሰዎች በቀን ሃያ ሃያ ቢሥሉ የ80 ቀን ሥራ ነው። እሑድ እሑድ እያረፉ መስከረም 1 ቢጀምሩ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይጨርሳሉ።